እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ፦ የአፈር ክለት የሚጀምርበትና የሚገታበት ቦታ

በኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ስለ አፈር መሸርሸር ሲወሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚያርፈው በቦረቦር ላይ ነው፤ ቦረቦር ማለት ጎርፍ ዓመት በዓመት እየቆፈረ ያጠለቀው፣ ማሳን ከሁለት የሚከፍልና ከብት ገብቶ የሚሰበርበት የመሬት ስንጥቅ ሲሆን፣ በዐይን የሚታይ ጉዳት በመሆኑ ባለሙያውንም ሹሙንም ቶሎ ይጠራል። ይሁን እንጂ ቦረቦሩ ከመከፈቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ከበላዩ ባለው እርሻ ላይ የተፈጸመ ሌላ ጉዳት አለ፤ ይኸውም ከማሳው ፊት በየክረምቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ያለ ድምፅና ያለ ጠባሳ መነሳቱ ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው አነጋገር የሰውን ጠባይ ለማመልከት የሚነገር ቢሆንም፣ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ከዚህ የተሻለ መግለጫ ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ዲስኩር የሚብራራው ውሃ አፈርን የሚያነሳበት ስልትና ስልቱን ተከትሎ የሚመጣው የመግቻ ዘዴ ሲሆን፣ በየመካከሉ የሚነሳው ክርክር ደግሞ ሥራው ከቦረቦሩ ግርጌ ሳይሆን ጠብታው ከሚያርፍበት ቦታ ሊጀመር ይገባዋል የሚል ነው።

የአፈር ክለት፣ በተለምዶ የአፈር መሸርሸር የሚባለው፣ ሦስት ተከታታይ ክንውኖችን በአንድ ስም የያዘ ነው። በመጀመሪያ የአፈር ቅንጣት ተጣብቃ ከነበረችበት ጓል ትላቀቃለች፤ ቀጥሎ በውሃ ተሸክማ ትጓዛለች፤ በመጨረሻም የውሃው ጉልበት ሲደክም ትሰፍራለች፤ የሰፈረውም ደለል ይባላል። ክፍፍሉ ለተግባርም የሚያገለግል ነው፤ ምክንያቱም መላቀቅን የሚያስቀር ዘዴ፣ ጉዞን የሚያዘገይ ዘዴና ደለሉ በተፈለገው ቦታ እንዲሰፍር የሚያደርግ ዘዴ እርስ በርሳቸው የተለያዩ ስለሆኑ፣ አንዱን በሌላው ፈንታ መጠቀም ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

ለረጅም ጊዜ አፈርን የሚነቅለው በመሬት ላይ የሚወርደው ጎርፍ ብቻ እንደሆነ ይታሰብ ነበር። የዝናብ ጠብታ ራሷ ነቃይ መሆኗ በሚገባ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤሊሰን ካካሄዳቸው ሙከራዎች ወዲህ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የካፊያ ጠብታ መሬት የምትደርሰው በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ፍጥነት ሲሆን፣ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የዶፍ ጠብታ ግን በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። የትልቋ ጠብታ ክብደት የትንሿን 1,000 እጥፍ ስለሚሆንና የአንድ ነገር የመምታት ጉልበት ደግሞ ከክብደቱ ጋር በቀጥታ፣ ከፍጥነቱ ጋር በእጥፍ ድርብ ስለሚያድግ፣ ሁለቱ ሲባዙ የዶፏ ጠብታ ጉልበት ከካፊያዋ 20,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ ያካፋ ዝናብ አፈር ሳያነሳ ሲያልፍ፣ ግማሽ ሰዓት የወረደ ዶፍ ማሳውን አጥቦ የሚሄድበት ምሥጢር ይኸው ነው። ጠብታዋ ባዶ አፈር ላይ ስታርፍ ጓሉን ትሰብራለች፤ ፍንጣሪውም እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ እስከ 1.5 ሜትር ድረስ ወደ ጎን ይዘላል። ይህ የፍንጣሪ ክለት የሚባለው ሲሆን፣ ምልክቱን ማየት ለሚፈልግ ከጎጆው ግድግዳ ግርጌ የተረጨውን ጭቃ፣ ወይም እያንዳንዱ ጠጠር በትንሽ የአፈር ዐምድ ላይ እንደ ባርኔጣ ተቀምጦ የቀረበትን ማሳ መመልከት ይበቃዋል፤ ጠጠሩ ከሥሩ ያለውን ስለጠበቀ ዐምዱ ቀረ፣ በዙሪያው የነበረው ሄደ ማለት ነው።

የጠብታዋ ሁለተኛ ጥፋት ከመጀመሪያው ይልቅ የተሰወረ ነው። ከተሰበረው ጓል የወጣው ደቃቅ ሸክላ ውሃ የሚሰርግባቸውን ቀዳዳዎች እየሞላ የአፈሩን ፊት እንደ ተለሰነ ግድግዳ ይደፍነዋል፤ ስለዚህ አፈሩ ከታች ገና ተጠምቶ ሳለ ዝናቡ መግቢያ አጥቶ በላዩ መፍሰስ ይጀምራል። መጠኑንም በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል፤ በአንድ ሄክታር ላይ የዘነበ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 10 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 10 ቶን ውሃ ስለሆነ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ 40 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ በዚያች ሄክታር ላይ 400 ቶን ውሃ ያርፋል። ከዚህ ውስጥ ሩቡ እንኳ ሳይሰርግ ቢቀር ወደ ቁልቁለቱ የሚወርደው 100 ቶን ነው። ይህ ውሃ በመጀመሪያ እንደ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶ ሲወርድ የንጣፍ ክለት፣ ቀጥሎ በየጎድጓዳው ተሰብስቦ የጣት ወይም የክንድ ጥልቀት ያላቸው ፈለጎች ሲያበጅ የፈለግ ክለት ይባላል። በፈለግና በቦረቦር መካከል ያለው ድንበር በተግባር የሚለየው በማረሻ ነው፤ በሬ ጠምዶ ሲታረስ የሚጠፋው ፈለግ ሲሆን፣ በሬውን የሚመልሰው ቦረቦር ነው። እዚህ ላይ መታለያው አለ፤ ገበሬው በሚቀጥለው እርሻ ፈለጎቹን ሲደፍናቸው መሬቱ የዳነ ይመስላል፤ የጠፋው ግን ምልክቱ ብቻ ነው፤ አፈሩ አንዴ ሄዷል።

ውሃ መሬት ላይ የሚፈስበት ሌላም መንገድ አለ፤ ይህኛው በእርከን ሥራ ዕቅድ ላይ ከፍ ያለ ትርጉም ያለው ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በጎጃም አንጀኒ፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድና በወሎ ማይባር ለዓመታት የተመዘገበው የዝናብና የፍሳሽ መረጃ በኋላ ሲመረመር፣ የተዳፋቱ አፈር ዝናቡን የመዋጥ ዐቅም በአብዛኛው ከዝናቡ ኃይል የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቷል። ጎርፉ በብዛት የሚነሳው ታዲያ ክረምቱ ሲገፋ ውሃ ጠግቦ ከሚያብጠው የሸለቆ ግርጌና አፈሩ ተልጦ ዐለት ከተቃረበበት የተጎዳ መሬት ነው። የጠገበ መሬት ተጨማሪ ጠብታ መቀበል ስለማይችል የዘነበበትን ሁሉ ይመልሳል። ስለዚህ ተራራውን ከጫፍ እስከ ግርጌ በአንድ ዓይነት እርከን መሸፈን በሥራው ብዛት የሚያኮራ ቢሆንም፣ ጎርፉ የሚመነጭበትን ቦታ ለይቶ ከመሥራት ያነሰ ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

ከላይ የተጠቀሱት ሦስት ቦታዎች በአጋጣሚ የተመረጡ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1981 በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ በሐንስ ሑርኒ መሪነት የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በየአካባቢው የመለኪያ ጣቢያ ሲተክል፣ ከነዚህ ሌላ ሁንዴ ላፍቶን በሐረርጌ፣ ጉኑኖን በወላይታ፣ ዲዚን በኢሉባቦር፣ አፍደዩን በኤርትራ መርጦ ነበር። ሑርኒ ከዚህ ልኬት ተነስቶ ባወጣው ግምት መሠረት ከኢትዮጵያ መሬት በየዓመቱ 1.5 ቢሊዮን ቶን ያህል አፈር ከቦታው ይነሳል፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው የደጋማ አካባቢዎች ጥናት የተሰጠው ግምት ደግሞ 1.9 ቢሊዮን ቶን ነው። እንዲህ ያለው አኃዝ ትልቅነቱ ራሱ ለአእምሮ አይጨበጥም፤ ይበልጥ የሚናገረው የሄክታሩ ስሌት ነው። በሑርኒ ግምት ከታረሰ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር በየዓመቱ ይነሳል። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር 12 ቶን ያህል ስለሚመዝን፣ 42 ቶን ማለት ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ለዐይን ምንም ነው፤ በአንድ ገበሬ የ40 ዓመት የእርሻ ዘመን ግን 14 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የማረሻው ጥልቀት ሙሉ በሙሉ ይሆናል። ዐለት ፈርሶ አዲስ አፈር የሚፈጠርበት ፍጥነት እንደ አየር ንብረቱ በሄክታር ከ2 እስከ 22 ቶን ስለሚገመት፣ ወጪው ከገቢው ይበልጣል ማለት ነው። ከጠቅላላው ክለት ግማሽ ለመሆን ጥቂት የሚቀረው የሚነሳውም ከሀገሪቱ ስፋት 13 በመቶ ያህል ብቻ ከሆነው የሰብል መሬት ነው። ወደ ወንዝ ከሚገባው ደለል ውስጥ የቦረቦር ድርሻ በአንዳንድ ተፋሰስ፣ በተለይም ዋልካ አፈር በበዛበት፣ እጅግ ከፍ እንደሚል አይካድም፤ ጎተራን የሚያጎድለው ግን ከማሳው ፊት የሚነሳው ነው፤ ፍግና ብስባሽ፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያለው በዚያ በላይኛው ንጣፍ ውስጥ ነውና።

የታረሰ መሬት ሁሉ እኩል አይሸረሸርም። ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከብዙ የመለኪያ መደቦች መረጃ በመነሳት እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጡትና በ1978 ያሻሻሉት ሁለንተናዊ የአፈር ክለት ቀመር፣ ክለትን በስድስት ነገሮች ብዜት ይገልጸዋል፤ እነዚህም የዝናቡ ጉልበት፣ የአፈሩ ተሸርሻሪነት፣ የተዳፋቱ ርዝመት፣ የተዳፋቱ ቁልቁለት፣ የመሬቱ ሽፋንና የጥበቃው ሥራ ናቸው። ብዜት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከስድስቱ አንዱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ውጤቱ በሙሉ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ሑርኒ እ.ኤ.አ. በ1985 ቀመሩን ለኢትዮጵያ ሲያስማማ ለሽፋን የሰጣቸው ቁጥሮች በዚህ ረገድ ትምህርት ሰጪ ናቸው፤ ባዶውን የታረሰ መሬት 0.60፣ ጤፍን 0.25፣ ሌሎች የብርዕና የጥራጥሬ ሰብሎችን 0.15፣ ማሽላንና በቆሎን 0.10፣ ጥቅጥቅ ያለ ሣርን 0.01፣ ጥቅጥቅ ያለ ደንን 0.001 አድርጎ መድቧል። በአንድ ተዳፋት፣ በአንድ ዝናብ፣ የጤፍ ማሳ ከሣር መሬት 25 እጥፍ አፈር ይሰጣል ማለት ነው። ምክንያቱን የጤፍ አስተራረስ ራሱ ይነግራል፤ ዘሩ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ማሳው አራትና አምስት ጊዜ ታርሶ ይልማል፣ በአንዳንድ አካባቢም በከብት ይረገጣል፣ ከዚያም የሚዘራው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ነው። አፈሩ በደቀቀበት ወር ሰማዩ ይጨክናል። የሀገሪቱ ተወዳጅ እህል የአፈሯ ቀንደኛ ጠላት ነው ማለት ለሰሚ ይከብድ ይሆናል፤ ቁጥሩ ግን ከዚህ የራቀ ነገር አይናገርም።

በዚሁ በሑርኒ ቀመር ለጥበቃው ሥራ የተሰጠው ሌላው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚሰጠውን ምክር የሚፈታተን ነው። ለገበሬ ዘወትር የሚነገረው ዳገቱን አግድም እረስ የሚል ሲሆን፣ ቀመሩ ለአግድም እርሻ የሰጠው ዋጋ 0.90 ነው፤ ቁልቁል ከማረስ ጋር ሲነጻጸር የሚያድነው አንድ አሥረኛውን ብቻ ነው። በሌላ በኩል ገለባና ቅጠል ማልበስ 0.60 ሲሰጠው፣ ከማሳው 80 በመቶ የሚሆነውን የሸፈነ ድንጋይ ደግሞ 0.50 አግኝቷል። ገበሬው ከማሳው ድንጋይ አልቅምም ሲል በስንፍና ሲወቀስ የኖረ ቢሆንም፣ በደረቅና ድንጋያማ መሬት ላይ እውነቱ ከእርሱ ጋር ነበር ማለት ይቻላል። አግድም ማረስ ራሱም በባህላዊው ማረሻ ጠባይ የተወሰነ ነው፤ ማረሻ አፈርን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ ስለማይገለብጥ በሁለት ትልም መካከል ያልተነካ አፈር ይቀራል፤ ይህንን ለመንካት ቀጣዩ እርሻ የመጀመሪያውን ማቋረጥ ስላለበት፣ ከሁለት አንዱ እርሻ ወደ ቁልቁለቱ ማዘንበሉ አይቀርም።

የተነሳው አፈር የት እንደሚደርስ ሲታይ የወራቱ ቅደም ተከተል እንደገና ይመለሳል። በዓባይ ውሃ ውስጥ ያለው ደለል ጫፍ የሚደርሰው ወንዙ ራሱ ከመሙላቱ ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ ውስጥ ነው፤ በነሐሴ መጨረሻ ውሃው ሲበዛ ደለሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ሰብሉ አድጎ መሬቱን መሸፈን ጀምሯል፣ በማሳው ላይ የተከፈቱትም ፈለጎች መንገዳቸውን ይዘዋል። ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ይዞት የሚዞረው ግን በአመዛኙ አፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በሱዳን የተጠናቀቀውና ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይይዝ የነበረው የሮሰይረስ ግድብ ከአንድ ሦስተኛ የሚበልጠውን ይዞታውን በዚሁ ደለል በማጣቱ፣ ከፍታው እንዲጨመር ግድ ሆኖ ሥራው በ2013 እ.ኤ.አ. ተጠናቋል። በአዋሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 የተሠራው የቆቃ ግድብም ከተመሳሳይ ችግር አላመለጠም። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከሥራው በፊት ወደ ሱዳን ያልፍ የነበረውን ደለል አብዛኛውን እጅ የሚቀበል ስለሆነ፣ የጎጃምና የወሎ ማሳዎች ጉዳይ ከአሁን በኋላ የመብራትም ጉዳይ ሆኗል።

ወደ መግቻው ሲመጣ፣ ቀመሩ በብዜት መሆኑ የሚያመለክተው አቅጣጫ ግልጽ ነው፤ ትልቁ ትርፍ ያለው ከሽፋን ላይ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነው የጌዴኦ ምድር ነው። ጌዴኦ የተራራ ሀገር ሲሆን፣ በሌላ ቦታ ቢሆን ዐለቱ ብቻ በሚቀርበት ቁልቁለት ላይ እንሰትና ቡና ከረጃጅም ሀገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር ተደራርበው ይበቅላሉ። ጠብታዋ መጀመሪያ በዛፉ፣ ቀጥላ በእንሰቱ ሰፊ ቅጠል፣ በመጨረሻም በወደቀው ብስባሽ ላይ ስለምታርፍ፣ መሬት የምትደርሰው መዶሻነቷን አጥታ ነው። ይህ የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እርግጥ የጌዴኦን ዝናብና የጌዴኦን እንሰት ወደ ላስታ ተራራ ማዛወር አይቻልም፤ የእህል ሀገር ገበሬ ሊወርሰው የሚችለው መርሑን ነው፤ በበቆሎ መካከል ቦሎቄ ወይም አደንጓሬ ማሰባጠር፣ ከአጨዳ በኋላ ቃርሚያውን በማሳው ላይ መተው፣ ፍጉንም ወደ መሬት መመለስ የዚሁ መርሕ ልጆች ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይከብዳሉ፤ ማገዶ በጠፋበት ደጋ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፣ ገለባውም የከብት ቀለብ ነው። አፈርን ከአፈር የሚያጣብቀው ብስባሽ ስለሆነ፣ በምድጃው ውስጥ የነደደው ኩበት በሐምሌ ጠብታ ፊት ጓሉን ያለ ማያያዣ ያስቀረዋል።

ሽፋን ብቻውን በማይበቃበት የሰብል ተዳፋት ላይ እርከን ይመጣል። እርከን የሚሠራው አንድ ቀላል ነገር ነው፤ ረጅሙን ተዳፋት ወደ አጫጭር ተዳፋቶች ይቆራርጠዋል፤ ውሃው ለመፍጠን የሚያስፈልገው ርቀት ይነፈገዋል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳልና የተሸከመውን አፈር ከካቡ በላይ አራግፎ ይሄዳል። የኮንሶ ሕዝብ ይህንን ያወቀው ቀመሩ ከመጻፉ በፊት ነው። ያለ ጭቃ በደረቁ የተካቡት የኮንሶ እርከኖች ከ400 ዓመት በላይ፣ በሃያ አንድ ትውልድ ቅብብሎሽ የተሠሩና የተጠገኑ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የካቡ ብልኀት አፈሩን መያዙ ብቻ አይደለም፤ ውሃውን በየእርከኑ አሳድሮ፣ የተረፈውን ደግሞ ካቡን ሳያፈርስ የሚያሳልፍ መውጫ አለው። ዘመናዊው የእርከን ሥራ በብዙ ቦታ የዘነጋው ይህችን ሁለተኛዋን ነገር ነው።

የደረቅ አካባቢ እርከን በልክ አግድም ተሠርቶ ውሃውን በሙሉ መያዙ ትክክል ነው፤ ትግራይ ውስጥ በደጉዓ ተምቤን የተደረገ ልኬት የድንጋይ እርከን የንጣፍና የፈለግ ክለትን 68 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ያው እርከን ዝናብ ወደሚበዛበት ጎጃም ሲሄድ ግን ከካቡ በላይ ውሃ ይተኛል፣ ሰብሉ ቢጫ ይሆናል፣ አንድ ሌሊት ደግሞ የሞላው ውሃ ደካማውን ቦታ ሰብሮ ሲወጣ ከታች ያሉትን እርከኖች በተራ ያፈርሳል። በእንዲህ ያለው ቦታ እርከኑ በ100 ሜትር ርዝመት ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ያህል ዝቅታ ተሰጥቶት፣ የተረፈውን ውሃ ሣር ወደ ለበሰ መውረጃ ቦይ እያዘገመ እንዲመራ ይደረጋል፤ ከማሳው ራስ ላይም ከተራራው የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀበል መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። መውረጃው ሳይዘጋጅ እርከኑ ከተሠራ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ በአንድ ጫፍ ተጠራቅሞ ይለቀቃል፤ አዲስ ቦረቦር ከሚወለድባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። የመኪና መንገድ ውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎችም ከበታቻቸው ባለው ማሳ ላይ ይህንኑ ያደርጋሉ።

ገበሬው ከዘራ በኋላ በማረሻው ጠለቅ አድርጎ በሰያፍ የሚያወጣው፣ በጎጃምና በአካባቢው ፈሰስ የሚባለው ቦይ ከዚህ ችግር ጋር የቆየ ትውውቅ እንዳለው ያሳያል፤ ትርፍ ውሃ ጤፉን እንዳያቀልጠው ያወጣዋል። ፈሰሱ ቁልቁለቱ ሲበዛ ራሱ ቦረቦር መጀመሩና ውሃውን ወደ ጎረቤት ማሳ መልቀቁ ግን የጠብ ምንጭ ሆኖ ኖሯል፤ ብልሃቱ በአንድ ማሳ የሚያልቅ ሥራ አይደለምና የመውረጃውን መንገድ የላይኛውና የታችኛው ባለመሬት አብረው ካልወሰኑት አይቀናም።

በእርከኖች መካከል ያለው ርቀት በቁልቁለቱ ይወሰናል። ከ15 በመቶ በታች በሆነ ተዳፋት በሁለት እርከኖች መካከል የ1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ሲኖር፣ በ5 በመቶ ተዳፋት አግድሙ 20 ሜትር፣ በ10 በመቶ ደግሞ 10 ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ የከፍታ ልዩነቱ ከአፈሩ ጥልቀት ሁለት እጥፍ ተኩል ጋር ይስማማል። በመቶ የሚነገረው ቁጥር መቶ ሜትር አግድም ሲኬድ መሬቱ ስንት ሜትር እንደሚወጣ የሚያሳይ ነው። ስሌቱ የገበሬውን ቅሬታም ያስረዳል፤ ቁልቁለቱ ሲበዛ እርከኑ ይጠጋጋል፣ ካብና ቦይ የሚወስዱት መሬት ይበዛል፣ በሬ መዞሪያ ያጣል፣ በካቡም ውስጥ አይጥ ይራባል። ቦዩን ከበታች ቆፍሮ አፈሩን ወደ ላይ የሚወረውረው፣ ከኬንያ የመጣውና በስዋሂሊ ፋኒያ ጁ የሚባለው ስልት በአንጀኒ ሲሞከር፣ ዓመት በዓመት ከካቡ በላይ በተጠራቀመው አፈር ተዳፋቱ ወደ ጠረጴዛማ መደብ መለወጡ ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ የሆነ ተዳፋት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራበት ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ሌላ መሬት የሌለው ገበሬ ከ60 በመቶ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ገብስ ሲዘራ የሚያይ ሰው አዋጁ ያላየውን ነገር ያያል።

ቦረቦር ከተከፈተ በኋላ ያለው ሥራ ውድ ነው፤ ቅደም ተከተሉም መዛባት የለበትም። በመጀመሪያ ወደ ቦረቦሩ ራስ የሚወርደው ውሃ በመቀልበሻ ቦይ ወደ ሌላ ይዛወራል፤ የቦረቦሩ ራስ እንደ ትንሽ ፏፏቴ ግርጌውን እየቦረቦረ ወደ ላይ ስለሚጓዝ፣ ይህ ሳይደረግ ታች ላይ የሚሠራው ሁሉ ከንቱ ነው። በዋልካ መሬት ላይ ደግሞ በበጋ የሚከፈተው ስንጥቅ በክረምት የውሃ መሹለኪያ ዋሻ ስለሚሆን ጥንቃቄው ይጨምራል። ከዚያም ወለሉ ላይ ከጭራሮ፣ ከድንጋይ ወይም በሽቦ ከታሰረ የድንጋይ ቅርጫት፣ ማለትም ከጋቢዮን፣ ክትሮች ይሠራሉ። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር ግርጌ ጋር እኩል ከፍታ እንዲኖረው ይደረጋል፤ ክትሩ በሁለቱ ጎን ወደ ግድግዳው ጠልቆ ይገባል፣ መሐሉ ዝቅ ብሎ ውሃ ማሳለፊያ ይሆናል፣ ከሥሩም የሚወርደው ውሃ እንዳይቆፍረው ድንጋይ ይነጠፋል። ብዙ ክትሮች የሚፈርሱት መሐላቸው ከጎናቸው እኩል ተደርጎ ስለሚሠራና ውሃው ዞሮ ጎኑን ስለሚበላ ነው። ክትሩ ጊዜ መግዣ ነው፤ ቦረቦሩን የሚዘጋው በደለሉ ላይ የሚተከለው ዝሆኔ ሣር፣ ሰስባኒያና ቬቲቨር ነው።

ተራራውን ከሰውና ከከብት ንክኪ መከለል ከሁሉ ርካሹ ዘዴ ነው፤ ዘርና ችግኝ እንኳ ሳይፈልግ ሣሩ ራሱ ይመለሳል። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች በዚህና በእርከን ሥራ መሬታቸው አገግሞ፣ የጉድጓዶቻቸውም ውሃ ከፍ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል። ሰሜኑ ድሮ ሁሉ ደን ነበር፣ የጠፋው በዚህ ትውልድ ነው የሚለው የተለመደ ወቀሳም ከፎቶግራፍ ጋር አይስማማም፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ካነሳቸው ፎቶግራፎች ጋር ያንኑ ቦታ ከ140 ዓመት በኋላ ያነሱ ተመራማሪዎች፣ ምድሩ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጭምር የተራቆተ እንደነበረና በብዙ ቦታ የኋለኛው ሥዕል ይበልጥ የለመለመ መሆኑን አረጋግጠዋል።

ከ1966 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ በስንዴና በዘይት ክፍያ የተገነቡት እጅግ ብዙ ኪሎ ሜትር እርከኖች ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በብዙ ቦታ በገበሬው በራሱ እጅ ፈርሰዋል፤ የተሠሩት በእርሱ መሬት ላይ ቢሆንም በእርሱ ፈቃድ አልነበረምና። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት የሚካሄደው የነፃ ጉልበት ዘመቻ ከዚያኛው የሚለየው በተፋሰስ ተከፍሎ መሠራቱና ማኅበረሰቡ በዕቅዱ መሳተፉ ነው። አንድ ነገር ግን አልተፈታም። አዝመራው በኅዳርና በታኅሣሥ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ለሁሉም ከብት ክፍት ይሆናል፤ በአፈር እርከን ላይ የበቀለው ሣር ይጋጣል፣ ካቡም ይረገጣል፣ በጥር ዘመቻው ሲመጣ የፈረሰው እንደገና ይካባል። የዘመቻው ሪፖርት የሚቆጥረው የተሠራውን ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ በየዓመቱ የሚጠገነው ያው እርከን አዲስ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል፤ በሐምሌ፣ ጠብታው በሚበረታበት ወር፣ ስንቱ እርከን ቆሞ እንደተገኘ የሚቆጥር ዓምድ ግን በቅጹ ላይ የለም። ልቅ ግጦሽን በራሳቸው ደንብ ያስቀሩ መንደሮች በካቡ ላይ የሚያድገውን ዝሆኔ ሣር እያጨዱ በቤት ለታሰረ ከብት ይሰጣሉ፤ በእነዚህ ቦታዎች እርከኑን የሚጠግነው የሣሩ ባለቤት ነው።